ለአንድ ቀን ተብሎ የሄደ ትራክተር

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ትራክተሬን የወሰደው «ለአንድ ቀን» ብሎ ነው። ሰዎች ታሪኩን ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከሰኔ ሚካኤል ዕለት ስለሆነ እኔ ከዚያ ቀደም ካለው ልጀምር። ከሚካኤል ዕለት የጀመረ ሰው ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ያገኘኛል። ለዚህም ነው ሁሉም ከዚያ የሚጀምሩት።

ሞላሌ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ ገበሬ ነበር። መሬታችን ከቀየት ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ነው። ባሌ እንዴት እንደሞተ፣ በቀብሩም ማን ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም፤ እሱ የራሴ ነው። ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ አፈሩ ሳይደርቅ መሬቱ የሰው መነጋገሪያ ሆነ። በሕግ የእኔ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን በእኛ አገር ሰው የመሬቱ ጌታ ብሎ የሚጠራው ያረሰውን ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ ዋርሳዬ በሬዎቹን ይዞ እየመጣ የእኩል ያርስልኝ ጀመር።

ያርስ የነበረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ከዚያ የሚስቱን ወንድሞች፣ ከዚያ አበ ልጁን። ዝናቡ መሬቱን አጭቅይቶት፣ የሌላው ገብስ በቅሎ ሲታይ ወደ እኔ ይመጣል። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር ውርጭ ይመታዋል። ጠዋት ሄጄ ሳየው ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ በእጄ ሳሸው ገለባ ብቻ ነው። ዋርሳዬ አጠገቤ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል።

«እትዬ፣ ዘንድሮም ውርጩ ጨከነብን።»

የእሱን ማሳ ውርጩ አይነካውም ነበር። አንድም ቀን ይህን አልነገርኩትም። በዚህ መሐል መጀመሪያ «የእትዬ መሬት» ይል የነበረው ሰውዬ «የወንድሜ መሬት» ማለት ጀመረ። ከዚያ በአንድ ሠርግ ላይ ከጀርባዬ ተቀምጦ ለእንግዶች «መሬቴ ከወንዙ በላይ ያለው ነው» ሲል ሰማሁት። ዞሬ አላየሁትም። የያዝኩትን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዚያው ዓመት የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከዘር በኋላ በየማሳው እየዞረ ማን እንደሚያርሰው ጎረቤት እየጠየቀ ሊያረጋግጥ ነው ተባለ። የእሱ በሬዎች ዘንድሮም ገብተው ከተገኙ፣ ጎረቤት ሁሉ ምን ብሎ እንደሚመሰክር አውቄዋለሁ። ሞላሌ የነበረችኝን ቤት ሸጥኩና አሮጌ ትራክተር ልገዛ ተነሳሁ።

ያለ ወንድ ከሄድሽ ደላሎቹ ይጫወቱብሻል አሉኝ። ዋርሳዬን ይዤው ሄድኩ። እንደሚሉትም ተጫወቱብኝ፤ አብሮኝ የሄደውም አብሯቸው ተጫወተ። ደብረ ብርሃን ከከተማው ጫፍ አንድ ግቢ ውስጥ ቀይ ቀለሙ የተላጠ ትራክተር ቆሟል። ደላላው ገና እንዳየን ወደ ዋርሳዬ ሮጠ፤ እኔን የመጣሁበትን ጉዳይ የማላውቅ እናት አድርጎኛል።

«ጋሼ፣ ይሄ ትራክተር እንዳይመስልዎት። ሰንጋ ነው! ቁልፏን ነካ ሲያደርጓት እንዴት እንደምትነሳ ይስሙልኝ።»

እውነትም ነካ ሲያደርጉት ተነሳ። ዋርሳዬ አንገቱን እየነቀነቀ ሳቀ። እኔ ኮፈኑን አስነስቼ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ነው።

«ይሄ ሳንመጣ ሲሠራ ነበር እንዴ?» አልኩ።

«ኧረ እማማ፣ ፀሐዩ ነው ያሞቀው።»

የደብረ ብርሃን ጭጋግ ሰው ከሰው አያስተያይም ነበር። «የቱ ፀሐይ ነው እሱ?» አልኩት። እዚያ ጎማ ሲለጥፉ የነበሩ ሰዎች ሳቁበት። ዋርሳዬ ክንዴን ያዝ አደረገና «እትዬ፣ ነገር አያብዙ፤ ሰው ይታዘበናል» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን ባዶ ዘይት በርሜል ገልብጬ ተቀመጥኩ። እስኪበርድ አልነሳም አልኩ። ደላላው ሻይ ልጋብዛችሁ አለ፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው አለ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲበርድ አስነሱት ብል ትራክተሩ ሳለ፣ አጨሰ፣ ቀጥ አለ። ባትሪው የደከመ ነበር፤ ጠዋት ገፍተው አስነስተውት ኖሯል። እያወቅኩ ገዛሁት፤ አቅሜ ከዚያ በላይ አልነበረም። ግን የገዛሁትን አውቄ ነው የገዛሁት። ስንመለስ ዋርሳዬ በየደረስንበት «ትራክተር ገዛን» እያለ ሲያወራ መጣ።

ትራክተሩን ከደብረ ብርሃን ያመጣው ሾፌር ትንሽ ሰንብቶ አስተማረኝ። ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ባትሪ ሲደክም ቁልቁለት ላይ አቁመሽ፣ ማርሽ አስገብተሽ፣ ሲንደረደር የረገጥሽውን ፍሪሲዮን ልቀቂው፣ ራሱ ይነሳል አለኝ። ሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ስል ያየ ሁሉ ሳቀ። ልጆቹ ሳይቀሩ ወላጆቻቸውን ጠርተው አሳዩአቸው። ሾፌሩ ሲሄድ ነገሩ አበቃ፤ እነዳለሁ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔም እነዳለሁ አላልኩም።

አሁን ስለ ማዋስ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው።

በእኛ ዘንድ በሬ የሚዋስ ሰው ከብት ሳይሰማራ በማለዳ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ታመመ ሰው ይጠይቃል፤ ስለ በሬ አያነሳም። ባለቤቱ ራሱ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲለው ነው የሚናገረው። የተዋሰውን በሬ ፀሐይ ሳትገባ አብልቶ አጠጥቶ ይመልሳል። ባለቤቱ በሬውን ተቀብሎ በእጁ ትከሻውን ዳሰስ ያደርጋል፤ ቀንበር የላጠው ካለ ያገኘዋል። አግኝቶም ዝም ይላል። ከርሞ ሊዋስ ሲመጣ ነው መልሱን የሚሰጠው። በሬው ሳይመለስ ከቆየም ባለቤቱ «መልስልኝ» ብሎ በአፉ አይጠይቅም፤ ትልቅ ነውር ነው። ጨው ይዞ ወደዚያ ቤት ይሄዳል። «ለበሬዬ ጨው ይዤ መጣሁ» ይላል። ሌላ ነገር አያነሳም። የተዋሰው ሰው ገብቶታል፤ በማግስቱ በሬው ባለቤቱ ደጅ ላይ ነው።

ለትራክተር እንዲህ ያለ ወግ አልነበረንም። መጀመሪያ የመጡት የንስሐ አባቴ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ሊያሳርሱ። ለሳቸው እምቢ አይባልም። ትራክተሩ ሲመለስ የናፍታ ጋኑ ባዶ ነው፤ አንዱ የማረሻ ዲስክ ድንጋይ መትቶ ተጣሟል። እሳቸው «እግዚአብሔር ያክብርሽ» ብለው ሄዱ። የሰው በሬ ሳያበላ ቢመልስ ንስሐ የሚገባ ሰው፣ ትራክተርም የሚበላ መሆኑ አይታየውም። ቀጥሎ ዋርሳዬ መጣ። በማለዳ መጣ፤ ስለ ጤና ጠየቀ፤ ስለ ዝናብ አወራ፤ ወጉን አንድም አላጎደለም።

«ለአንድ ቀን ብቻ፣ እትዬ። ነገ ማታ ደጅዎ ላይ ነው። ከዚያ የእርስዎን እናርሳለን።»

ሰጠሁት። ባልሰጠው ኖሮ ይላሉ አንዳንዶች። የባሌን ወንድም ትራክተር ከለከለች ሲሉ ደግሞ መጀመሪያ የሚያወሩት እነሱ ነበሩ።

በማግስቱ አልመጣም። የሚስቱን ወንድሞች ማሳ ሲያርስ ከደጄ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ለቅሶ ሆነ ተባለ። ከዚያ ዝናብ ነው፣ ይጭቀያል ተባለ፤ በዚያው ዝናብ ወንዝ ማዶ ለአበ ልጁ ሲያርስ ድምፁ ይሰማኛል። ከማሳዬ ዳርና ዳር ያለው መሬት ሁሉ ጠቁሮ ሲገለበጥ የእኔ ብቻ ሣር እንደለበሰ ነው። የዘሩ ጊዜ እያለፈ ነው። የኮሚቴውም ሰዎች በታችኛው መንደር መዞር ጀምረዋል።

ናፍታ በጄሪካን አስሞልቼ ተሸክሜ ሄድኩ።

ዋርሳዬ ከሚስቱ ወንድሞች ጋር ትራክተሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሁሉም ተነሱልኝ። ጄሪካኑን መሬት አስቀመጥኩና «ለትራክተሬ ናፍታ ይዤ መጣሁ» አልኩ።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ወደ መሬት አየ። ዋርሳዬ ግን ጠጋ ብሎ ጄሪካኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ! እኔማ ለነገ ከየት ላምጣ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ሆዷ ሲሰፋ አይጣል ነው! እንደ ቄስ ነው የምትበላው።»

«ቄስ ብትሆንማ በጾም ታርፍ ነበር» አለ አንዱ የሚስቱ ወንድም፤ ሳቁ።

ናፍታውን እዚያው ፊቴ ገለበጠው። «ይቀመጡ እንጂ፣ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። በአፌ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ያላደረግኩትን በስድስት ወንዶች ፊት አላደርገው አልኩ። ጄሪካኑም እዚያው ቀረ።

አልገባውም ነበር፣ ትራክተርና በሬ አንድ አይደለም የሚሉኝ አሉ። አባቱ ያዋሰው በሬ በዘገየ ቁጥር ጨው አስይዞ የሚልከው እሱን ነበር። ባሌ እየሳቀ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፤ በመንገድ ላይ ጨዉን እየላሰ ጨርሶ ባዶ እጁን ደርሶ ያውቃል። ገብቶታል።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። እሳቸው ቢናገሩት እምቢ አይልም ብዬ ነው።

«ልጄ፣ ጾም ላይ ነን» አሉኝ። «ነገር አታንሺ።»

«አባቴ፣ ጾሙ እስኪፈታ የዘሩ ጊዜ ያልፋል።»

«ዋርሳሽ እኮ ባዳ አይደለም። መሬቱም ቢሆን የአንድ ቤት ነው። አንቺ ጡረታ አለሽ፣ አትራቢ። እሱ ልጆች አሉት።»

መስቀላቸውን ተሳለምኩና ወጣሁ። ነገሩ እኔ በሌለሁበት ማለቁን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ትራክተሩ በስንፍና የዘገየ መስሎኝ ነበር። እየጠበቁ ነበር፤ የእኔ መሬት ጦሙን አድሮ ኮሚቴው ሲመጣ «አላረሰችውም፣ ከድሮም የሚያርሰው እሱ ነው» ሊባል። ያን ዕለት ከንስሐ አባቴ ጋር የነበረኝን ነገር ጨረስኩ። እስካሁን ሌላ አባት አልያዝኩም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት አስቀድሼ፣ ታቦቱ ገብቶ ሰው በአጥሩ ጥግ ጥግ ጸበል ጻዲቅ ለመቃመስ ሲቀመጥ ወጣሁ። ማንም አላየኝም፤ አሮጊት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ማን ያያል። የዋርሳዬ ቤት ደጅ ቁልቁለት ነው። ትራክተሩ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደርጎ ቆሟል። ባትሪውን አድክመውታል ማለት ነው፤ በዚህ ብቻ ደግ ሠሩልኝ።

ሚስቱ ደጅ ላይ ነበረች።

«እትዬ! ምን ሊያደርጉ ነው? በሚካኤል?»

«አላርስም። ንብረቴን ወደ ቤቱ ልወስደው ነው።»

«እሱ ሳይኖር?»

«ሲኖርማ አይሰጠኝም።»

ቆማ አየችኝ። ወጥቼ መሪው ላይ ስቀመጥ እሷ ጎንበስ ብላ ድንጋዮቹን ከጎማው ሥር አነሳች። አልጠየቅኳትም። ለምን እንዳደረገችው አላውቅም፤ በኋላ በሽማግሌዎች ፊት «እኔ አልነበርኩም» አለች። ፍሬኑን ስለቀው ትራክተሩ ቀስ እያለ መንከባለል ጀመረ። ሲንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት፤ አንዴ ተንገጫግጮ፣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው የሚያልፈው። ድምፁን ሰምተው ከአጥሩ ወጡ። ከዚያ አንድ ሰው «ሙሽራዋ መጣች!» ብሎ ጮኸና ሳቅ ሆነ። ዋርሳዬ ነጠላውን እየጎተተ ሮጦ መጥቶ መንገዱ መሐል ቆመ። አቆምኩ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም፤ ባጠፋው አይነሳም።

«ውረጂ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው።

«ትራክተሬን መልስልኝ» አልኩት። ሞተሩ ስለሚጮህ እኔም ጮህኩ። «ለአንድ ቀን ብለህ ወስደህ ለሰው ሁሉ አረስክበት። የእኔን ትተህ። መልስልኝ።»

ይህን በአፌ አልኩ። በሚካኤል ዕለት፣ ካህናቱ ባሉበት፣ በሰው ሁሉ ፊት። ከአጥሩ በኩል አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ስትሸፍን አየኋት።

«በሚካኤል!» አለ ዋርሳዬ ወደ ሰዉ ዞሮ። «በሚካኤል ትራክተር! አያችሁልኝ?»

«ሞተር ለማስነሳት በዓሉን ጠብቄ አልነበረም። አንተን ነው የጠበቅኩት። ዘወር በል።»

ዘወር አለ። እንደማላቆም ገብቶት ነው።

በማግስቱ አረስኩ። ብቻዬን። የተጣመመው ዲስክ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፤ እኔም ሜዳ ላይ ከመንዳት በቀር አርሼ አላውቅም። ትልሙ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ስዞር ትልቅ ትልቅ ቦታ እየዘለልኩ፣ ተመልሼ እየደገምኩ። ወንዶች በድንበሩ ላይ ተሰልፈው ያዩኝ ነበር።

«መምህርት! እባብ ነው እንዴ ቀድሞዎት የሄደው?»

«ተዋት፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ መስሏት ነው።»

ማረሴን ቀጠልኩ። ማታ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ቀጥዬ ዘራሁ፤ በጊዜው ዘራሁ።

ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ለበዓሉ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እሱ ስላዘገየ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ትራክተሩም ነገር እንዳያመጣ «እንደ ቤተሰብ» እሱ ጋ እንዲቀመጥ ወሰኑ። ሦስተኛውን ከሁለቱ ጋር እንዴት እንደሰፉት ሳይ ሳቄ መጣ። ያቀረብኩላቸውን ጨረሱ፤ ሲጨርሱ «አልታረቅም» አልኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ዱላውን አንስቶ «ብቻሽን ትቀሪያለሽ» አለኝ። «ብቻዬን አይደለሁ አሁንስ?» አልኩት።

ገብሱ ብቅ ብሎ ማሳው አረንጓዴ ሲሆን የኮሚቴው ሰዎች መጡ። ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ ድንበሩ ላይ ቆመ። ዋርሳዬም አለ፤ እጁን አጣምሮ።

«ይህን መሬት ማነው የሚያርሰው?» አለ ሰብሳቢው።

እኔ ልናገር ስል «እናቴ፣ ጎረቤት ነው የምንጠይቀው» አለኝ። ዝም አልኩ። ጎረቤትም ዝም አለ። ያን ዝምታ እስክሞት አልረሳውም። ከእነዚያ ሰዎች ግማሹ በዚያ ሰኔ በእኔ ትራክተር አርሰዋል።

«የወንድሜ መሬት ነው» አለ ዋርሳዬ። «ሳርሰው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ዘንድሮስ?»

ከዚያ በምሥራቅ በኩል የሚያዋስነኝ ሽማግሌ፣ በሕይወቱ ደግ ቃል ተናግሮኝ የማያውቅ፣ ምራቁን ተፋና ሳቀ።

«እሷ ናት እንጂ! ትልሙን አታዩትም? ወንድ ልጅ እንዲህ አድርጎ ያርሳል?»

ሁሉም ወደ ማሳው አየ። ገብሱ ትልሙን ተከትሎ በቅሎ ጠመዝማዛው ከሩቅ ይታያል። ሳቁ። ሰብሳቢውም ሳቀ። ወደ ዋርሳዬ ዞሮ «አንተ ነህ እንዲህ ያረስከው?» አለው።

ነኝ ማለት ይችል ነበር። ማንም አይቃወመውም ነበር፤ ሽማግሌውም ቢሆን ከሳቀ በኋላ ዝም ይል ነበር። ዋርሳዬ ግን በዚያ አገር ትልሙ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው ተብሎ የሚታወቅ ሰው ነው። መሬቱን ፈልጎታል። ያን ትልም የእኔ ነው ብሎ በሰው ፊት መቆም ግን አልቻለም። አንዴ ማሳውን አየ፣ አንዴ ሰዎቹን አየ።

«እኔ እንዲህ አላርስም» አለ።

ሰብሳቢው ጻፈ። ሰዎቹም እየሳቁ ወደሚቀጥለው ማሳ ሄዱ። ለእኔ ቀና ቃል የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። መሬቴ የጸናልኝ እየተሳቀብኝ ነው።

ገብሱ ውርጭ ሳይመጣ ፍሬ ቋጠረ። ለአጨዳው ጅጊ ብጠራ ማንም አልመጣም፤ ከዓለም ከተማ በኩል የወጡ የቀን ሠራተኞች አጨዱልኝ። ወንፊት እንኳ የሚያውሰኝ ቤት የለም፤ የእኔንም የሚጠይቅ የለም። የዋርሳዬ ሚስት በመንገድ ስታገኘኝ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ለሰላምታ ግን አንገቷን አትሰብርም።

ዘንድሮ ሰኔ እነ ዋርሳዬ ተባብረው ከሞላሌ በኩል ትራክተር ተከራዩ። ሾፌሩ አገሩን ስለማያውቅ ደጄ ላይ አቁሞ መንገድ ጠየቀኝ። ሲጠይቀኝ ግቢዬን አሻግሮ አየ።

«እማማ፣ እዚህ ትራክተር ቆሞ እኔን ከዚያ ድረስ ለምን ጠሩኝ?»

«ስትደርስ ጠይቃቸው» አልኩትና መንገዱን አሳየሁት።